ኢሞ ላይ ያለችው ልጅ እንግዳ አይደለችም

«ኢሞ ከመጣ ወዲህ ስደት ስደት መሆኑ ቀረ» የሚል ወሬ አዳማ ውስጥ ቡና በተፈላበት ሁሉ ይሰማል። ልጅቷ ሪያድ ናት፣ ግን በየማታው በስልክ ቪዲዮ ፊቷን እናያለን። ልጁ ቨርጂኒያ ነው፣ ግን የፋሲካው በግ ሲታረድ እኩል ያያል። ታዲያ ምን ጎደለ?

እኔ የጎደለ አለ ባይ ነኝ። ጥፋቱ የኔትወርክ ብቻ አይደለም፣ የእኛም ነው። የሩቁን ሰው በቪዲዮ ስናገኘው እንደ እንግዳ እናስተናግደዋለን። ያደገበትን ቤት እንደ ሳሎን እንግዳ ተቀምጦ እንዲያይ እናደርገዋለን።

እስቲ የተለመደውን ጥሪ አስቡት። ስልኩ ይጮሃል። «ኢሞ ነው! ኢሞ ነው!» ይባላል። ቴሌቪዥኑ ይዘጋል። እናት ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ከኋላ የሚታየው ግድግዳ ይመረጣል። ቀለሙ የለቀቀው ወገን አይሆንም፣ አዲሱ ሶፋ ያለበት ይሁን። ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ይጀምራል። እናት፣ አክስት፣ የአክስት ልጅ፣ ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤት። «ሰላም በላት እንጂ!» እየተባለ ሁሉም ተራውን ይወስዳል። የሚጠየቀውም ያው ነው። ደህና ነሽ? ሥራ እንዴት ነው? ሙቀቱስ? መቼ ነው የምትመጪው? ልጅቷ ለሁሉም ደህና ነኝ ስትል ታመሻለች። ኔትወርኩ ይቆረጣል። ሁሉም ሰው አይቷታል፣ ያወራት ግን የለም።

ደግሞ የእኛ ሰላምታ ለዚህ ነገር አይመችም። እኛ ሰላም የምንባባለው ተራ ጠብቀን አይደለም። አንዱ «ደህና ዋልክ ወይ» ሲል ሌላው «ይመስገን፣ አንተስ፣ ልጆች ደህና» እያለ ይደርብበታል። መንገድ ላይ ሲሆን ያምራል። በኢንተርኔት ጥሪ ግን ድምፅ ይዘገያል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መመሪያ እንደሚለው ድምፅ ከተናጋሪው ወደ ሰሚው ለመድረስ እስከ 150 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ወሬው አይረበሽም፤ ከ400 ካለፈ ግን ነገር ይበላሻል። ኔትወርክ ሲደክም ሁለታችንም እንናገራለን፣ ሁለታችንም ዝም እንላለን፣ ከዚያ ሁለታችንም «ሄሎ? ይሰማል?» እንላለን። በተለይ አንዱ በኦሮምኛ «አካም ጅርታ» ብሎ ጀምሮ በአማርኛ በሚቀጥልበት እንደ አዳማ ባለ ከተማ ሰላምታው ብቻ የጥሪውን ግማሽ ይበላል።

አያቶችን አልወቅስም። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሲያወሩ ቨርጂኒያ ያለው የልጅ ልጅ ጆሮ ብቻ ሲያይ ያመሻል። እሳቸው ግን ልክ ናቸው። ስልክ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጆሮ ላይ የሚደረግ ዕቃ ነበር።

በስልክ መተያየት ራሱ የትናንት ነገር አይደለም። የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ የቪዲዮ ስልኩን እ.ኤ.አ. በ1964 በኒውዮርክ የዓለም አውደ ርዕይ ላይ አሳየ። በ1970 ፒትስበርግ ከተማ ላይ አገልግሎት ጀመረ። ከሰረ። ዋጋው ውድ ነበር፤ በዚያ ላይ ብዙ ሰው ሲያወራ መታየትን አልወደደውም። ስካይፕ እ.ኤ.አ. በ2003 መጥቶ በ2006 ቪዲዮ ሲጨምር ነው ነገሩ በየቤቱ የገባው።

ለእኛ ደግሞ መጀመሪያ በየኢንተርኔት ካፌው ነበር። በደቂቃ ይከፈላል፣ ማዳመጫው ጆሮ ላይ ይደረጋል፣ ጎን ያለው ሰው የቤትህን ጉድ ሁሉ ይሰማል። በእኛ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጁ ሲወጣ «ስካይፕ ያስቀጣል» ተብሎ ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር። በኋላ አዋጁ በኢንተርኔት ጥሪ የሚነግዱትን እንጂ ለዘመዱ የሚደውለውን አይመለከትም ተብሎ ነገሩ በረደ። ስካይፕ ራሱ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። እዚህ ያዘነለት ያለ አይመስለኝም። ኢሞ ደካማ ኔትወርክ ላይ እየተንገዳገደም ቢሆን ይሠራል፤ ሰውም ቀድሞ ወደ እሱ ሄዷል። እ.ኤ.አ. ዋትስአፕ በ2016፣ ቴሌግራም በ2020 ቪዲዮ ሲጨምሩ ቀሪው ወደዚያ ተከፋፈለ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ካሴት ነበር። የዕድሜ እኩዮቼ ያስታውሱታል። ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ቴፑ መሐል ይቀመጣል፣ የተቀዳው በመንገደኛ ይላካል። መልእክቱ የደረሳቸው ሰዎች ሲናገሩ እንደሰማሁት፣ ሆዳቸውን የሚያባባው ንግግሩ አልነበረም። ከጀርባ የሚሰማው ነው። ቡና ሲወቀጥ፣ ዶሮ ስትጮህ፣ አንድ ሕፃን «እኔም ላውራ» ብሎ ሲያለቅስ። ካሴቱ ሳናስበው ቤቱን ይዞ ይሄድ ነበር። አሁን ምስል አለን፣ ቤቱን ግን ቴሌቪዥኑን ዘግተን፣ ልጆቹን «ዝም በሉ!» ብለን፣ ሶፋውን አስተካክለን እንደብቀዋለን።

የምንደብቀው ደግሞ ግድግዳ ብቻ ቢሆን ምን ነበር።

መርዶ አገራችን ውስጥ ሥርዓት አለው። በስልክ አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ማለዳ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን ሳይሆን፣ የሚይዘው ሰው ባለበት ይሰማል። ውጭ ላለ ሰውም እንዲሁ ነው። ከዚህ ወደ ጓደኞቹ ይደወላል፣ እነሱ ተጠራርተው ሳይነጋ በሩን ያንኳኳሉ። ይህን ልማድ እወደዋለሁ። ባዕድ አገር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ያለን ሰው በስልክ «አባትህ ሞተ» ማለት ጭካኔ ነው።

ቪዲዮ ግን ይህን ሥርዓት አስጨነቀው። ድሮ «አባዬ ደህና ነው፣ ወጣ ብሏል» ማለት ይበቃ ነበር። አሁን «እስቲ አሳዩኝ» ይላል። ተኝቷል ይባላል። በማግስቱ ቤተክርስቲያን ሄዷል ይባላል። በሦስተኛው ቀን ጥሪው አይነሳም፤ «ኔትወርክ ጠፍቶ ነው» የሚል የድምፅ መልእክት ይላካል። ኔትወርክ ብዙ ኃጢአት አለበት፣ ይህኛው ግን የእሱ አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ ከቤተሰቡ ቀድሞ ከፌስቡክ ይሰማል፤ የሰፈር ልጅ «ነፍስ ይማር» ብሎ ፎቶ ለጥፎ ያገኘዋል። እንደዚያ መርዶ የሰማ ሰው ሐዘኑ ላይ ቂም ይጨመርበታል።

እዚህ ላይ የእኔ አቋም ይህ ነው። የሞት መርዶ እንደ ድሮው በሰው ይነገር። ሕመም ግን አይደበቅ። ቤተኛ የሆነ ሰው አባቱ ስኳር እንዳለበት፣ እግራቸው እንዳበጠ፣ ሐኪም ቤት እንደተመላለሱ ያውቃል። ውጭ ያለውን «አይጨነቅ» ብለን ለወራት ጤነኛ አባት ካሳየነው በኋላ በአንድ ማለዳ ሞቷል ብንለው ለእሱ ድንገተኛ ሞት ነው። የመሰናበቻውን ጊዜ ወስደንበታል። መድኃኒቱን ሲውጡ ይያቸው። ሲያቃስቱም ይስማ። ይጨነቃል፣ አዎ። አብሮን ቢኖር ይጨነቅ አልነበረም ወይ?

ነገሩ በሌላው በኩልም ያው ነው። ዓረብ አገር የሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ስልኳን የምታገኘው ማዳሟ ስትፈቅድ ወይም ሁሉም ሲተኛ ነው። ፓስፖርትም ስልክም የሚነጥቁ አሠሪዎች መኖራቸውን ማንም ያውቃል። ሌሊት ማድ ቤት ውስጥ ሆና በሹክሹክታ ስትደውል እኛ «መብራት አብሪ፣ ፊትሽ አይታይም» እንላለን። ከዚያ «ከሳሽ፣ ጠቆርሽ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ይከተላል። በሚቀጥለው ጊዜ ተቀባብታ፣ ሻሿን አሳምራ፣ የማዳሟን ሳሎን ጀርባዋ አድርጋ ትደውላለች። እኛም ያንን አይተን «ተመስገን፣ አምሮባታል» ብለን እንተኛለን። ልጅቷ እኛን ማሳረፍ ተጨማሪ ሥራ ሆነባት።

«እናት እኮ ልጇ መደብደብ አለመደብደቧን ማየት አለባት» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። በደሉ ስላለ ስጋቱም አለ፤ እኔም ብሆን ማየት እፈልጋለሁ። ግን ማየት ሌላ፣ ተራ ገብቶ መመርመር ሌላ። እናትየው ብቻዋን፣ በር ዘግታ፣ ስልኩን ለጎረቤት ሳታዞር ብታወራት ልጅቷ ካሜራውን ባትከፍትም እውነቱን ትነግራታለች። ሰው የሚናዘዘው አክስቱ፣ የአክስቱ ልጅና ጎረቤቱ ከስክሪኑ ኋላ ተደርድረው እያዩት አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የልጆቹ ነገር ነው። እናቷ ጅዳ፣ እሷ እዚህ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር አያቷ ጋር የምታድግ ልጅ አለች እንበል። እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው። ስልኩ ሲመጣ «እማዬ ናት፣ ሳሚያት፣ ዘፈኗን ዝፈኝላት፣ ኤ ቢ ሲ በይላት» ትባላለች። ልጅቷ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ትሸሻለች። እናትየው እየሳቀች ታለቅሳለች። ልጅ ለማታውቀው ሰው ትርኢት አታሳይም፣ ብታሳይም ሰውየውን አታውቀውም። ይልቅ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይቁም። ልጅቷ የቤት ሥራዋን ትሥራ። እናትየው ከዚያ ማዶ ሽንኩርትም ትላጥ፣ ልብስም ትተኩስ። «እማ፣ ስምንት ሲደመር አምስት ስንት ነው?» የምትልበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ለእናቷ የምታወራው ነገር አግኝታለች ማለት ነው።

ለትልልቆቹም ከዚህ የተለየ ዘዴ የለኝም። ስልኩን የስኳር ጣሳው ላይ አስደግፉት፣ ጀበናው ወደሚታይበት አዙሩት፣ ከዚያ ተዉት። ከአቦል እስከ በረካ ይቆይ። የተለመደው የሰፈር ወሬ ይቀጥል፤ ባጃጅ ስንት አስከፈለህ፣ መብራት መቼ ሄደ፣ የእከሌ ልጅ ሠርግ የት አዳራሽ ነው። እሷ ማውራት ስትፈልግ ታውራ፣ ዝም ስትል ዝም ትበል። መደማመጥ እንዲቻል ግን ሁሉም እኩል አይጩህ።

ሰዓቱም ለዚህ ይመቻል። ሪያድና ጅዳ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ናቸው። እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ አዳማ ሙቀቱ ሰብሮ ቡና ሲፈላ፣ ቨርጂኒያ ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። በእነሱ ክረምት ደግሞ ሁለት ሰዓት ይሆናል፣ ምክንያቱም አሜሪካ በዓመት ሁለቴ፣ በመጋቢትና በኅዳር አካባቢ፣ ሰዓቱን ይለውጣል። እኛ አንለውጥም። ብዙ «ለምን አልደወልክም» የሚል ኩርፊያ ከዚህ የመጣ ነው።

ኔትወርክ ሲደክም ካሜራውን ዝጉ፣ ድምፁን አትዝጉ። ስካይፕ በነበረ ጊዜ ለድምፅ ጥሪ ቢያንስ በሰከንድ 30 ኪሎቢት፣ ለቪዲዮ ደግሞ 128 ያስፈልጋል ይል ነበር። ጥራት ያለው ምስል ከተፈለገ ከዚያም ብዙ እጥፍ ይሄዳል። ስለዚህ የተቆራረጠ ፊት እያዩ «ተንጠለጠልሽ፣ ተንጠለጠልሽ» ከመባባል ጥርት ያለ ድምፅ ይሻላል።

አዲስ አበባ ስላለው ዘመድ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። መቶ ኪሎ ሜትር ነው፣ ፈጣን መንገድ ተሠርቷል። «በቪዲዮ ጠየቅኳቸው እኮ» አይባልም። ይምጣ።

የቀረኝ የወጪው ነገር ነው። ብዙ እናቶች የማያውቁት ነገር አለ። በመደበኛ ስልክ የተደወለለት ሰው አይከፍልም፤ በኢሞና በቴሌግራም ግን ተቀባዩም ዳታ ይበላበታል፣ ያውም ከደዋዩ እኩል። «ኧረ እሷ ናት የደወለችው» ብለው አንስተው፣ ጥቅሉ አልቆ ቀሪ ሒሳባቸው ሲያልቅ «ስልኩ በላብኝ» ብለው የሚደነግጡት ለዚህ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩን አጥፍተው ያስቀምጡታል፤ ሩቅ ያለው ልጅ ደግሞ «ምን ሆነው ነው» ብሎ ሲጨነቅ ያድራል። ከውጭ ሆኖ ለአገር ቤት ስልክ መሙላት ይቻላል። ለበዓል የበግ የሚልክ ልጅ የወር የኢንተርኔት ጥቅልም አብሮ ያስብ። እዚህ ያለው የመብራት ኃይል ሰፈር ወንድም ደግሞ ዋይፋዩን ከእናቱ ስልክ ጋር ያገናኝ፣ የይለፍ ቃሉን እንደ ወርቅ አይደብቅ።