ባቄላው ተገልብጦ ቢተከልስ?

ባለፈው ቅዳሜ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጀበና ቡና ቤት ተቀምጠናል። የጅማ ዝናብ አላስወጣ ብሎናል። አራት ነን፦ ሁለተኛ ክፍል የምታስተምር ወጣት፣ ጡረታ የወጡ የድሮ አስተማሪ፣ አንድ ቡና ነጋዴና እኔ።

መምህርቷ ደብተሯን ዘርግታ ለአካባቢ ሳይንስ የአራት ሳምንት እቅድ ታወጣለች። እቅዱ በርዕስ አይጀምርም፤ በጥያቄ ነው። «ዘር ለመብቀል ምን ያስፈልገዋል?» ልጆቹ መጀመሪያ ይገምታሉ፣ ግምታቸውን ይስላሉ፣ ከዚያ ይሞክራሉ።

«ጅማ ተቀምጠሽ ባቄላ? ቡና እያለ?» አለ ነጋዴው።

«ቡና ለመብቀል ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። የሰባት ዓመት ልጅ ያን ያህል ይጠብቃል? ባቄላ በሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣል።»

ነጋዴው ተረታ። «እውነትሽን ነው፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» አለ። ይህን ተረት ካገኘ አይለቅም። ፈንዲሻ ሲያልቅም አስተናጋጇን የጠራት በዚሁ ተረት ነው።

ጋሼ ግን ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ዘር ውሃ፣ አየርና ሙቀት ይፈልጋል። አለቀ። ሰሌዳ ላይ ጻፊው፣ ይገልብጡት። ሁለት ደቂቃ ነው። አንቺ ወር ታቃጥያለሽ?»

ጋሼ በዘመናቸው ሁሉንም ነገር በሁለት ደቂቃ አስተምረዋል። እኛም በሁለት ደቂቃ ረስተነዋል።

«ስልሳ ልጅ ይዘሽ ስልሳ ብርጭቆ ከየት ታመጫለሽ?» ሲሉ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ጆሮዬን አቆምኩ። ለካ አስባበታለች። ስድስት ስድስት ሆነው በአሥር ቡድን ይቀመጣሉ። ለአንድ ቡድን ሦስት የተቆረጠ ሃይላንድ፣ ትንሽ ጥጥና አንድ እፍኝ ባቄላ ይበቃል። አንዱ ውሃ አግኝቶ መስኮት ላይ፣ አንዱ ደረቁን፣ አንዱ ውሃ ጠጥቶ ቁም ሳጥን ውስጥ።

የቁም ሳጥኑ ነገር ነው የገረመኝ። ልጆች ሁሉ «ጨለማ ውስጥ አይበቅልም» ብለው ይገምታሉ። ይበቅላል። ቢጫ፣ ቀጭንና ረዥም ሆኖ ይወጣል፤ ዘሩ የመጀመሪያ ስንቁን በሆዱ ይዟልና። እሷ ይህን አውቃ ነው ያስቀመጠችው። የትኛው ቀን ምን እንደምትጠይቅ፣ የት ላይ እንደሚሳሳቱ፣ ሁሉም ተጽፏል። ምዘናውም እውነት ሐሰት አይደለም፤ እያንዳንዱ ልጅ የሳለውን ይዞ ያስረዳል። ሰው ግን እንዲህ ያለውን ትምህርት ልጅ ለቅቆ ማጫወት ይመስለዋል።

ዓምና የሆነውን ነገረችን። ዓመቱን ሙሉ ድምፁ ያልተሰማ ልጅ ድንገት እጁን አወጣ። «ባቄላው ተገልብጦ ቢተከልስ?» አልመለሰችለትም፤ አስገለበጠችው። ከቀናት በኋላ ሥሩ ወደ ላይ ብቅ አለ፣ ከዚያ እንደ ሜንጦ ታጥፎ ቁልቁል ወረደ። ልጆቹ ሃይላንዱን ከበው አንዱ «ለምን?» ሌላው በኦሮምኛ «ማሊፍ?» እያለ ክፍሉ ታመሰ።

«በቃ፣ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል!» ነጋዴው ጉልበቱን መታ።

«ጥያቄ ያበዛ ልጅ ይባልጋል» አሉ ጋሼ። «መጀመሪያ መሠረቱን ይሸምድድ።»

እዚህ ላይ አላስቻለኝም። ስንሸመድድ አልኖርንም እንዴ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። የሸመደድነው መሠረት የት ሄደ? «ችግር ፈቺ ዜጋ» የሚለውንም ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጀምሮ ሰምተነዋል። የሚፈታው ግን መጀመሪያ «ችግሩ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። እኔ የፎቶሲንተሲስን ትርጉም ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። ቅጠል ግን አንድም ቀን አገላብጬ አላየሁም፤ ያውም ቡና ጓሮ ውስጥ አድጌ።

ጋሼን እወዳቸዋለሁ፣ ፍርዴ ግን ለመምህርቷ ነው። የጋሼ ሁለት ደቂቃ እኮ ከክፍል ወጥቶ አገር ምድሩን ሞልቶታል። ቤት ውስጥ ልጅ «ለምን?» ሲል «አፍህን ዝጋ» ነው። ሰፈር ውስጥ የጠየቀ «ነገረኛ» ነው። ስብሰባ ላይ «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ሁሉም ጫማውን ያያል፤ በር ላይ ሲወጣ ግን አያድርስ ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እያልን የምንተርት ሰዎች ነን ይህን የምናደርገው።

ሰኞ ለአንድ ወረቀት አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሃያ ያህል ሰው ተሰልፈናል። ልጁ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» አለ። ነጋዴው ከፊቴ ነበር። ዞር ብሎ አየኝ፣ አየሁት። ጃንጥላችንን ዘርግተን ወጣን።