ድንኳኑን ማን ያደርቀዋል?

የተራራ፣ የጫካና የወንዝ ዳር ጉዞ የሚወዱ ሰዎች ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ቤትን እንደ እስር ቤት፣ ሜዳውን ደግሞ እንደ ነፃነት መቁጠር ይቀናቸዋል። «ከአራት ግድግዳ ወጥቶ መተንፈስ» የሚለው አባባል ከአፋቸው አይጠፋም። እኔም መንገዱን ከሚወዱት አንዱ ብሆንም በዚህ አነጋገር አልስማማም። በተራራ ፍቅር የነደደ ሰው እንኳ ከዓመቱ ሌሊቶች አብዛኛዎቹን የሚያድረው በገዛ አልጋው ላይ ነው፤ ጉዞው የሚሰምረውም ሆነ የሚሰናከለው በአመዛኙ ከመውጣቱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ እቤት በሚሠራው ሥራ ነው። ዋናው ጥያቄ ያን ሥራ ማን ይሠራዋል የሚለው ሲሆን፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ተጓዡን የሚያስከብር አይደለም።

ድንኳንን እንውሰድ። ዝናብ ያገኘው ወይም የሌሊት ጤዛ ያራሰው ድንኳን እንደተጠቀለለ በከረጢቱ ወደ ቤት ይገባል። ተጓዡ ደክሞታል፤ ቦርሳውን ኮሪደር ላይ ጥሎ ገላውን ይታጠብና ይተኛል። የብዙዎቹ ቀላል ድንኳኖች ጨርቅ ውሃ እንዳያሳልፍ ፖሊዩሬቴን በተባለ ስስ ሽፋን የተቀባ ነው፤ ይህ ሽፋን እርጥበትና ሙቀት አንድ ላይ ሲያገኙት ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ መጀመሪያ መጣበቅ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ክፉ ሽታ ያመጣል፣ በመጨረሻም እየተላጠ ይረግፋል። ሻጋታውማ ያን ያህል አይጠብቅም፤ አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ስለዚህ ድንኳኑ በዚያው ምሽት፣ ቢዘገይ በማግስቱ ጠዋት መዘርጋት አለበት፤ የሚዘረጋበት ቦታ ደግሞ የሌሎችም መኖሪያ ነው። አንዱ ጫፍ በበሩ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሌላው በሁለት ወንበሮች መካከል ይወጠራል፤ ልጅ የሚያጠናበት ጠረጴዛ ከእርጥብ ናይለን ሥር ይውላል፤ ወደ ማድ ቤት የሚያልፍ ሁሉ ጎንበስ ይላል፤ ከጨርቁ እጥፋት የደረቀ ጭቃ፣ የሣር ስባሪና አንዳንዴም በሕይወት ያለ ጉንዳን ወለሉ ላይ ይወርዳል። በዚፑ ጥርሶች መካከል የገባውን አሸዋ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማስወጣትም አለ። ድንኳኑን ደጅ አውጥቶ ለቀናት ፀሐይ ላይ መተውም አያዋጣም፤ ጨረሩ ናይለኑን ያዳክመዋል። ባየኋቸው ቤቶች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ይህን ሁሉ የሚታገሠውና በመጨረሻ መጥረጊያውን የሚያነሣው ወደ ተራራው ያልሄደው ሰው ነው።

የቀረው ዕቃም የራሱን ድርሻ ይጠይቃል። በላባ የተሞላ የመኝታ ከረጢት ለወራት ተጨምቆ ከተቀመጠ ሙቀት የሚይዝበትን ልስላሴና መነፋት ያጣልና ተንጠልጥሎ ወይም በሰፊ ከረጢት ውስጥ ላላ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ይህም የቁም ሳጥኑን ግማሽ መውሰድ ማለት ነው። የረጠበ ቡት ጫማ ከማሞቂያ አጠገብ ከደረቀ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማጣበቂያውም ሊለቅ ይችላል፤ ጋዜጣ ተወትፎበት ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ቀስ ብሎ ሊደርቅ ይገባል። የሚገርመው፣ ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ቡትም አስተማማኝ አለመሆኑ ነው፤ የሶሉ መካከለኛ ንጣፍ ከፖሊዩሬቴን የተሠራ ከሆነ ከአየሩ በሚያገኘው እርጥበት ብቻ እየፈረሰ ቆይቶ በመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ሊገነጠል ይችላል።

የጉዞ ወዳጆች ሲገናኙ የሚጫወቱትን ያዳመጠ ስለ ገደልና ስለ ከፍታ የጠበቀውን ያህል አይሰማም። የሚሰማው የጫማ ሽታ በምን እንደሚለቅ፣ የውሃ ከረጢት ሻጋታ እንዳያበቅል ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ እንደሚቻል፣ የማን ውሻ የማንን ምንጣፍ እንደቦጫጨቀ፣ የማን ሕፃን ሌሊቱን ሲያተኩሰው እንዳደረ ነው። ይህን ተራ ወሬ ነው ብለው የሚንቁ አሉ። እኔ ግን ከጀብዱ ታሪክ ሁሉ አስበልጠዋለሁ። ስለ ወጣው ተራራ የሚያወራ ሰው ታሪኩን እንደፈለገ ሊያስውበው ይችላል፤ የተዋሰውን ምድጃ ከነጥቀርሻው መመለሱን፣ ወይም በቤቱ ሰው ታሞ ሳለ ቀጠሮውን አለመሰረዙን ግን በጨዋታ መካከል ሳያስበው ያወጣዋል። አብሬው ገመድ የምይዘውን ሰው የምመርጠው ከዚህ ወሬ ነው።

ከሁሉ የከበደው የቤት ሥራ ግን ዕቃን አይመለከትም፤ ጊዜን ነው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ የእግር ጉዞ የሚፈጀውን ጊዜ ለመገመት እ.ኤ.አ. በ1892 ያቀረበው ስሌት ዛሬም ያገለግላል፤ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር ግድም 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ግድም ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት ይያዛል። መለኪያው 1፡50,000 በሆነ ካርታ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ክር በመንገዱ ጥምዝምዝ ላይ አስተኝቶ መለካት ይቻላል፤ ክሩ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን መንገዱ 15 ኪሎ ሜትር ነው፣ 900 ሜትር ሽቅብ ካለበት ደግሞ በጠቅላላው አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ዕረፍት፣ ጭቃ፣ የደከመ ባልንጀራ በዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም። ስሌቱ የሚጠቅመው ከተጓዡ ይበልጥ እቤት ለሚቀረው ሰው ነው፤ መንገዱን፣ የተጓዦቹን ስምና መኪናው የሚቆምበትን ቦታ ከያዘ ወረቀት ጋር አብሮ ሊተውለት ይገባል። በወረቀቱ ላይ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች መጻፍ አለባቸው፤ አንደኛው እመለሳለሁ ተብሎ የሚታሰብበት፣ ሁለተኛው ካለፈ እርዳታ የሚጠራበት። ሁለተኛው ካልተጻፈ እቤት የቀረው ሰው አመሻሹን ስልኩን እያየ፣ ብደውል ሰውን በከንቱ አስጨንቃለሁ፣ ባልደውል ደግሞ ጊዜ አባክናለሁ እያለ ይብሰለሰላል። ይህን ውሳኔ ያለ ምክክር በሌላው ትከሻ ላይ ጥሎ መሄድ፣ ድንኳን ሳያደርቁ ከመተኛት የባሰ ግፍ ይመስለኛል። ብቻውን የሚኖር ሰውም ወረቀቱን የሚተውለት ጎረቤት ወይም ወዳጅ አያጣም።

ይህን ስል ቤት የግዴታ ማኅደር ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። የመንገድ ወዳጆች እቤት ሆነው የሚያዘወትሯቸው ትንንሽ ነገሮች፣ ማለትም በወንበር እግር ላይ ቋጠሮ መለማመድ፣ የተቀደደ ጃኬት መጣፍ፣ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ከዋክብትን መለየት፣ ላልሄዱት ሰዎችም በር ይከፍታሉ። በአሜሪካ የኮርኔል የአዕዋፍ ጥናት ማዕከልና ናሽናል ኦዱቦን ሶሳይቲ የተባለው የወፎች ጥበቃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመሩትና ከ2013 ወዲህ ዓለም አቀፍ የሆነው የጓሮ ወፎች ቆጠራ ከተሳታፊው የሚፈልገው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ወፎችን አይቶ መመዝገብን ነው፤ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ መስኮት ሊያደርጉት ይችላሉ። የካምፕ ምድጃን በተዘጋ ክፍል ውስጥ መሞከር ግን ከዚህ ዝርዝር ይውጣ፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል። አዲስ ዕቃ መግዛትንም ከዝንባሌ አልቆጥረውም። እርሱ የቁም ሳጥን ጉዳይ ነው።

ይህ ሁሉ ደስታውን ወደ ሥራ ይለውጠዋል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ሥራው ግን ዱሮም ነበረ፤ ሌላ ሰው ይሠራው ስለነበር ብቻ አልታየም። ስለዚህ ለሁለት ቀን የሚወጣ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ሲነጋገር ሦስት ቀን ብሎ ይጠይቅ፤ ሦስተኛው ቀን ማጠቢያ፣ ማድረቂያና ዕቃ መመለሻ ይሁን፣ እቤት የቆየው ሰውም በዚያ ቀን ወደ ፈለገበት ይሂድ። ሦስት ቀን አይገኝም ከተባለ የሚያጥረው ጉዞው ይሁን።