ይድረስ ለክቡር ፕሪ-ትሪፕ ኢንስፔክሽን፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ እንቅልፌን፣ ትዳሬንና ምላሴን እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከአሜሪካ ነው። እርስዎም ከዚሁ አልራቁም። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ላውጣ ብሎ የተነሳ ሀበሻ ባለበት ሁሉ አሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ አሉ፣ ዳላስ አሉ፣ ሚኒያፖሊስ አሉ፣ ሲያትል አሉ። ሰው ቡና ሊጠጣ በተሰበሰበበት ሳይጠሩ ገብተው ጥግ ይይዛሉ። አንዱ "ፐርሚቱን (የመለማመጃ ፈቃዱን) አለፍኩ!" ብሎ እንኳን ደስ አለህ ሲጠብቅ፣ ቀድሞት ያለፈ የትራክ ሹፌር ስኒውን አስቀምጦ "ፕሪ-ትሪፑ ላይ እንገናኝ" ይለዋል። ደስታው እዚያው ይሞታል።

ለማያውቅዎት ዕድለኛ አንባቢ ትንሽ ላስተዋውቅዎ። የከባድ መኪና የተግባር ፈተና ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው እርስዎ ነዎት፤ መኪናውን ከመንዳት በፊት ዞሮ መፈተሽ። ሁለተኛው ሜዳ ላይ ትሬለሩን (ተሳቢውን) ወደ ኋላ እየነዱ ማስገባት ነው። ሦስተኛው መንገድ መውጣት። ቅደም ተከተሉን የፌዴራል ሕግ ነው የደነገገው፣ አንዱን የወደቀ ወደሚቀጥለው አያልፍም። እርስዎ ደግሞ የተቀመጡት በሩ ላይ ነው። ስለዚህ መንዳት የሚችል ሰው መንዳቱን ሳያሳይ፣ ጎማው አንድ ዙር ሳይዞር ወደ ቤቱ ይሸኛል።

እኛ የዋሆች መፈተሽ ማለት ማየት ይመስለን ነበር። ለካ መናገር ነው። ክፍሉን በጣት ነክቶ፣ በስሙ ጠርቶ፣ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ጮክ ብሎ መዘርዘር። ፈታኙ አጠገብ ቆሞ ይሰማል፣ ምልክት ያደርጋል። ያልተነገረ ነገር እንዳልታየ ይቆጠራል። "ፕሮፐርሊ ማውንትድ ኤንድ ሴኪውርድ፣ ኖት ክራክድ፣ ቤንት ኦር ብሮክን።" ቱቦ ከሆነ ደግሞ "ኖ አብሬዥንስ፣ በልጅስ ኦር ከትስ፣ ኖት ሊኪንግ።" ትርጉሙ፦ በትክክል ተገጥሞ ታስሯል፤ አልተሰነጠቀም፣ አልተጣመመም፣ አልተሰበረም፤ ቱቦው አልተፋቀም፣ አላበጠም፣ አልተቆረጠም፣ አያፈስም። ከኮፈኑ ተጀምሮ እስከ ትሬለሩ የኋላ በር ድረስ ይኸው ነው። በልጅነቴ የኔታ ፊት ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኝ፤ ያኔም ንባቡ ቀድሞ ትርጓሜው ኋላ ነበር የሚመጣው። ልዩነቱ ዳዊት ውስጥ ስላክ አጀስተር የሚባል የፍሬን ማስተካከያ ብረት የለም።

ቤቴ ውስጥ ያደረሱትን ጉዳት ላስረዳዎ። ባለቤቴ ቡና ስታቀርብ እጄ ሳላስበው ወደ ጀበናው ይሄዳል። "ይህ ጀበና ነው፤ በትክክል ተቀምጧል፤ አልተሰነጠቀም፣ አልተጣመመም፣ አያፈስም።" መጀመሪያ ሰሞን ትስቅ ነበር። አሁን "ጠጣና ተነስ" ነው የምትለኝ። ሌሊት ደግሞ በእንቅልፍ ልቤ "ኖት ሊኪንግ" እላለሁ አሉ። ልጄ ጧት ጧት የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አንስታ "አባዬ፣ ማሰሪያው ሴኪውርድ ነው" ትለኛለች። እያሾፈችብኝ ይሁን እያገዘችኝ እስካሁን አልለየሁትም።

አሁን ወደ ቁጥርዎ ልምጣ፤ እዚህ ላይ በቁም ነገር ነው የተቀየምኩዎት። የፊት ጎማ ጥርስ ከ4/32 ኢንች ማነስ የለበትም ይላሉ። የሌሎቹ ጎማዎች ደግሞ ከ2/32። ክቡር ሆይ፣ አራት ሠላሳ ሁለተኛ ማለት አንድ ስምንተኛ መሆኑን የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህራችን ያውቁ ነበር። "አቃልል!" ብለው ግማሽ ማርክ ይቀንሱብን ነበር። እርስዎ ጋ ያቃለለ ሰው ግር ያሰኛል። መለኪያው በ32 ስለተከፋፈለ ነው ይሉኛል፤ እሺ፣ ገባኝ። ግን እኔ በሜትር ያደግኩ ሰው ነኝ። የአገሬ የጎማ መለኪያ የረዳቱ እግር ነበር። ዞሮ ሁሉንም በጫማው ይመታል፣ ድምፁን ይሰማል፣ "ሂድ፣ ሰላም ነው!" ይላል። በቃ። መሪውም እንዲሁ ከ10 ዲግሪ በላይ መላላት የለበትም፤ 20 ኢንች ስፋት ባለው መሪ ላይ ሲለካ ወደ 2 ኢንች ነው ይሉናል። ቺንጋው በእጅ ሲገፋ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ኢንች ይርገብ ይላሉ። የፍሬን ሸራ ከሩብ ኢንች አይነስ።

ወደ ስላክ አጀስተር ስንመጣ ግን ጥበብዎ ይደንቃል። ፍሬኑ ተለቅቆ በእጅ ሲሳብ ከ1 ኢንች በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። ይህን እንናገራለን። ጣታችንን ወደ ትሬለሩ ሥር ቀስረን እንናገራለን። የሚስበው ግን የለም። እኔ ከተፈታኝ እስከ አሠልጣኝ ሲስበው ያየሁት ሰው የለም። "ቢሳብ ኖሮ እንዲህ ነበር" እያልን የምናልፈው ፈተና ነው። ምስኪኑ ብረት ስሙ በየቀኑ ይጠራል፣ እጅ ግን አይነካውም።

በዚህ ፈተና ማን እንደሚወድቅ ያውቃሉ? አገር ቤት ስንት ዓመት ተሳቢ የነዳ ሰው። በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ ወደብ ሲመላለስ የኖረ። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ የአባይን በረሃ በማርሽ ይዞ ወርዶ ደጀን የወጣ። ይህ ሰው አየር ሲያፈስ ከሩቅ ይሰማዋል። ዳዶ የላላበትን ቸርኬ በዝገቱ መስመር ያውቀዋል። ባሌስትራው ከተሰበረ የመኪናው አቋቋም ይነግረዋል። ግን ዝም ብሎ ነው የሚያየው። አይቶ ሲጨርስ "ሰላም ነው" ይላል። ፈታኙም ባዶ ወረቀት ይዞ ይመለከተዋል። የተግባር ፈተና ላይ አስተርጓሚ ክልክል ስለሆነ፣ ዕውቀቱ እግሩ ሥር ተቀምጦ ምላሱ ላይ ሳይደርስ ቀኑ ያልፋል። በዚያው ቀን የትራክ ጎማ ከዚህ በፊት ነክቶ የማያውቅ ጎረምሳ፣ ከቪዲዮ የሸመደደውን እንደ ውሃ አፍስሶ አለፈ። አልቀናሁበትም። ትንሽ ብቻ።

ፍትሕ ግን ለጠላትም ይገባል። የአየር ፍሬን ምርመራዎን አከብራለሁ። ታኮ ተደርጎ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ "ኦን" ላይ ተመልሶ፣ የማቆሚያ ፍሬኑን የሚለቁት ቢጫውና ቀዩ በተን ተገፍተው፣ ፍሬኑ ተረግጦ 1 ደቂቃ ይያዛል፤ ተሳቢ ላለው መኪና ከ4 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) በላይ መውረድ የለበትም። ከዚያ ፍሬኑን እየረገጡ አየሩን ማውረድ ነው። ከ55 በታች ሳይወርድ ማስጠንቀቂያው መጮህ አለበት። አሁንም ይረገጣል። ከ20 እስከ 45 መካከል ሁለቱ በተኖች ጧ ብለው ይወጣሉ፣ የፍሬኑ ስፕሪንግ ጎማውን ይይዛል። እዚህ ላይ የሳተ ሌላውን ሁሉ ቢያውቅም ወደቀ ነው። ይሁን። ይህኛው በእግር ተረግጦ፣ በዓይን ታይቶ፣ በጆሮ ተሰምቶ ነው የሚያልቀው። ሸምዳጁ ቁልፉን ማብራት ከረሳ ማስጠንቀቂያው አይጮህለትም፤ ግጥሙ አያድነውም። ቁልቁለት ላይ አየር ያለቀበት ሹፌር ምን እንደሚሆን የአባይን በረሃ የሚያውቅ አይጠይቀኝም። ታዲያ ይህን የሚያህል ቁም ነገር በእጅዎ እያለ ቀሪውን ሁሉ ለምን ወደ ምላስ ወሰዱት?

ሳልዘነጋው ስለ ገንዘቡም ላንሳ። ድሮ የሚያውቁት ሰው በትራኩ አስጠንቶ ያስፈትን ነበር ይባላል። ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ወዲህ ክላስ ኤ (ትልቅ ተሳቢ የሚነዳበትን ፈቃድ) ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወጣ ሰው የፌዴራል መዝገብ ላይ ባለ አሠልጣኝ ሳይሠለጥን ለተግባር ፈተና አይቀርብም። ጥሩ። በሺዎች ዶላር ከፈልን። ስሙን የማልጠራው ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሰጠን ነገር ምን ይመስልዎታል? ፎቶ ኮፒ። ኮፒው ራሱ የተነሳው ከሌላ ኮፒ ላይ ነው መሰለኝ፣ የአየር ቱቦ ማያያዣው ግላድ ሃንድ ትሬለሩን ከሚይዘው ኪንግ ፒን አይለይም። "ይህን ሸምድዱ፣ ትራኩን በኋላ ታዩታላችሁ" ተባልን። ትርጓሜውን ያገኘነው በቴሌግራም ከሚዞሩ የድምፅ መልእክቶች ነው። አንድ የማናውቀው ወንድም ከአንድ የእረፍት ቦታ ሆኖ፣ ሞተሩ ከኋላው እየጮኸ፣ "እዚህ ጋ ትሬለሩ በሚያርፍበት ፊፍዝ ዊልና በትሬለሩ መሀል ክፍተት የለም በሉ፣ እንዳትረሱ" ይላል። እግዜር ይስጠው።

ይህ ሽምደዳ ደግሞ ሌላ መዘዝ አምጥቷል። ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ መንገድ ላይ በእንግሊዝኛ መግባባት ያልቻለ የትራክ ሹፌር ከመንዳት እንዲታገድ እየተደረገ ነው። ፖሊሱ መስኮት ሥር ቆሞ "ከየት ነው የተነሳኸው? ምን ጭነሃል? ስንት ሰዓት ነዳህ?" ይላል። እርስዎ ያስተማሩን እንግሊዝኛ ይህን አያውቅም። እርስዎ ያስተማሩን እንግሊዝኛ ስለ ተሰነጠቀና ስላልተሰነጠቀ ብቻ ነው። "ከየት ነው የመጣኸው?" ሲባል "ኖት ሊኪንግ፣ ሰር!" ያለ ወገን እንዳይኖር እሰጋለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ፈተናው ካለፈ በኋላ የት ይሄዳሉ? ሕጉ ሹፌሩ ከመንዳቱ በፊት መኪናው ደህና መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያዛል፤ ለአንድ ቀን ሳይሆን ሁልጊዜ። ሌሊት በብርድ ጭነት መዳቢው (ዲስፓቸሩ) "ሎዱ ዘገየ" እያለ ሲደውል ግን እርስዎ የሉም። ሹፌሩ ቡናውን በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላው ይዞ አንዴ ዞር ይላል፣ ሁለት ጎማ በእግሩ መታ ያደርጋል፣ ይወጣል። ረዳቱን ያስታውሱታል? አሜሪካ ድረስ መጥቷል። እርስዎ ብቅ የሚሉት የመኪና መመዘኛው ጣቢያ ላይ ነው፤ መርማሪው ባትሪ ይዞ ትሬለሩ ሥር ሲገባ። ስላክ አጀስተሩ ያን ቀን በእውነት ይለካል።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና እጠይቃለሁ። ክፍልፋይዎን ያቃልሉ። ከዚያ ንግግሩን ያሳጥሩና ከፈተናው በፊት ሌሊት አንድ ነገር ያበላሹ። አንድ ዳዶ ያላሉ። አንድ የኋላ መብራት ያጥፉ። የትሬለሩን እግር ማንሻ ሳይታሰር ይተዉት። ጧት ተፈታኙን "ፈልግ" ይበሉት። ሸምድዶ የመጣው ሁሉም ደህና ነው እያለ ይዘምር። ያ የጅቡቲው ሰውዬ ደግሞ ምንም ሳይናገር ሄዶ የላላችው ዳዶ ላይ ጣቱን ያሳርፋል። ያኔ ማን ሹፌር እንደሆነ ፈታኙም ይገባዋል።

መልስዎን በጽሑፍ ይላኩልኝ፤ የቃል ነገር ከእርስዎ ጋር በቅቶኛል።

ከሠላምታ ጋር
ስሙ እንዲገለጽ ያልፈለገ ተፈታኝ

ግልባጭ፦
ለስላክ አጀስተር (ባለበት፣ ከትሬለሩ ሥር)
ለባለቤቴ (ለማጽናናት ያህል)
ለፈታኙ (ጮክ ተብሎ፣ እያንዳንዱ መስመር በጣት እየተነካ የሚነበብ)