ካፖርቱን የላከችው ልጅ አብራን ነበረች

ፎቶው ወደ ቴሌግራም ቡድናችን የመጣው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንድ ካፖርት የለበሱ አዛውንት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ መስኮቱን ተደግፈው፣ አፋቸውን ከፍተው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ከሥሩ «ደመወዜ ከቤት ኪራይ በኋላ» ተብሎ ተጽፏል። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄ ለእህቴ ላክሁላት። በሳምንቱ አንዱ ጓደኛችን ከፎቶው ላይ ፊታቸውን ቆርጦ ስቲከር ሠራው። ከዚያ ወዲያ ሥራ ያደከመው፣ ስብሰባ የሰለቸው፣ የሽንኩርት ዋጋ ያስደነገጠው ሁሉ በቃል ፋንታ የእኚያን ሰው ፊት ይልክ ጀመር።

አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ዱባይ የምትሠራ የክፍላችን ልጅ ጻፈች። ሥራ ስለሚበዛባት ወደ ቡድኑ የምትገባው አልፎ አልፎ ነው። ስቲከሩን አይታ ተጠራጠረች፤ የቆዩትን መልእክቶች ወደ ላይ እያገላበጠች ስትፈልግ ዋናውን ፎቶ አገኘችው። የጻፈችው ይህን ብቻ ነው፦ «ይህ ሰው አባቴ ነው። ካፖርቱን እኔ ነኝ የላክሁለት።»

አባቷ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። እኛ ስንስቅበት የከረምነው እንቅልፍ፣ ሌሊቱን በብርድ ቆሞ ያደረ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ያገኘው ዕረፍት ነበር።

የቡድናችንን ጨዋታ እወደዋለሁ። አንድ ትምህርት ቤት አብረን ጨርሰን አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ዱባይ፣ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ የተበተንን ሰዎች ነን፤ ያለዚያ ጨዋታ ዛሬ የምንተዋወቅ አይመስለኝም። ዋሽንግተን ያለው ጓደኛችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኤሌክትሪክ ምጣድ የጋገረውን እንጀራ ፎቶ አንሥቶ የላከ ዕለት ትዝ ይለኛል። ዓይን የለውም፤ ዳር ዳሩ ተሰነጣጥቋል። «የየትኛው ክፍለ ሀገር ካርታ ነው?» አለው አንዱ። «አንተ እኮ ካርታ ተይዞልህም ትጠፋለህ» ብሎ መለሰለት፤ በዘጠነኛ ክፍል ጉብኝት ወጥተን ልጁ ጠፍቶ ግማሽ ቀን ስንፈልገው መዋላችንን ማስታወሱ ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት ተሳሳቅን። ለተሰደደ ሰው እንዲህ ያለ ምሽት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የተሰደደ ነው።

በእንጀራውና በአዛውንቱ ፎቶ መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ተረብ በአገራችን የቆየ ጥበብ ነው፤ ተረበኛም የተከበረ ሰው ነው። አለቃ ገብረ ሐና እስከ ዛሬ የሚወሱት ተረባቸው ከቤተ መንግሥት ደጃፍ ስለማይመለስ፣ ለንጉሡም ለእቴጌይቱም ስለሚተርፍ ነው። አዝማሪ ቤት የገባ እንግዳ በግጥም ይነካል፤ እሱም «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጣል፤ ቤቱም ለሁለቱም ያጨበጭባል። ለቅሶ ቤት እንኳን ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ጨዋታ አዋቂ ሐዘንተኛውን ፈገግ ሲያሰኝ አይተናል። በእነዚህ ሁሉ ተረቡ የተወረወረበት ሰው እዚያው አለ። ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ከከፋው ፊቱ ይናገራል፤ ተራቢውም ፊቱን አይቶ ይመለሳል። እኚያ አዛውንት ግን የት እንደተሳቀባቸው አያውቁም። መልስ የሚሰጡበት ቴሌግራምም የላቸውም።

«ካላዩት ምን ይጎዳቸዋል?» የሚል ሰው በቡድናችንም አልጠፋም። እኔ ደግሞ ልጃቸው አይታዋለች እላለሁ። ጎረቤት ያያል፣ የሚያሠራቸው ሰው ያያል፣ በተኙበት ፎቶ ምክንያት «ጥበቃው ይተኛል» ተብሎ እንጀራቸው ሊቋረጥ ይችላል።

የሌላ አገር ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ ኩቤክ ጊስላን ራዛ የሚባል ተማሪ፣ የጎልፍ ኳስ መልቀሚያ ዘንግ እንደ ሰይፍ እያወዛወዘ ሲጫወት ራሱን በቪዲዮ ቀረጸ። በቀጣዩ ዓመት የትምህርት ቤቱ ልጆች ሳያስፈቅዱት ኢንተርኔት ላይ አወጡት፤ ዓለም ሳቀበት። ልጁ ትምህርት ቤቱን ለቀቀ፤ ቤተሰቡ የልጆቹን ወላጆች ከስሶ ነገሩ በ2006 በስምምነት አለቀ። ራዛ በኋላ ሕግ ተማረ፤ ስለ ደረሰበት ነገር በአደባባይ ለመናገር ግን አሥር ዓመት ፈጅቶበታል።

የእኛም ሕግ በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም መካከል የሰውየው ታዋቂነት፣ የያዘው የመንግሥት ሥራ፣ ሕዝብን የሚመለከቱ ወይም በአደባባይ የተፈጸሙ ድርጊቶች ይገኛሉ። ታክሲ ውስጥ የተኛ ድካምተኛ ከእነዚህ በአንዱ ይገባል ብሎ የሚከራከር ካለ ልሰማው ዝግጁ ነኝ፤ እኔን ግን አያሳምነኝም። አንቀጽ 29 ደግሞ ባለ ፎቶው ድርጊቱ እንዲቆም የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ፍርድ ቤትም ካሳ ሊወስንለት ይችላል። ሕጉ ሲጻፍ ቴሌግራም አልነበረም። ፎቶን በመስታወት መስኮቱ ላይ የሚሰቅል ፎቶ ቤት ግን ነበር፤ ጸሐፊዎቹም ከዚያ መስኮት ጀርባ ያለውን ሰው ክብር አይተውታል።

ስቲከሩን የሠራው ጓደኛችን ያንኑ ቀን ሰረዘው፤ እያለቀሰ ደውሎ ይቅርታም ጠየቃት። ሆኖም ስቲከር አንዴ ከተላከ ያየው ሁሉ ወደ ስልኩ ሊወስደው፣ ምስሉንም ቀድቶ እንደ አዲስ ሊሠራው ይችላል። ፎቶውን የላክሁላት እህቴ ለመሥሪያ ቤቷ ባልደረቦች አስተላልፋው ኖሯል። አንዷ ባልደረባዋ ለዕድር ቡድኗ ልካዋለች፤ ከዕድሩ አንዱ ለማኅበሩ። ስልክ እየደወልሁ ላስጠፋው ሞከርሁ። ከማኅበሩ በኋላ መንገዱ ጠፋኝ።

አሁን በቡድናችን የማናውቀው ሰው ፊት ያለበት አስቂኝ ፎቶ አይላክም፤ ከተላከም አስተዳዳሪው ያነሣዋል። የራስን ፎቶ፣ የራስን እንጀራ፣ የራስን ውድቀት የፈለገ ይላክ፤ እንደ ድሮው እንተራረብበታለን። አንዳንዱ ጨዋታው ቀዘቀዘ ብሎ ያማርራል። እውነት ነው፣ ትንሽ ቀዝቅዟል፤ እኔ ግን በዚህ ደንብ አልደራደርም። ሌሎች ቡድኖችም የባለ ፎቶው ልጅ እስክትጽፍላቸው ሳይጠብቁ ይህን ቢያደርጉ እለምናለሁ።

ልጃቸው ለአባቷ እስካሁን አልነገረቻቸውም። በየእሑዱ ስትደውል፣ ጠዋት ታክሲ ውስጥ መቀመጫ ያገኙ እንደሆነ ትጠይቃቸዋለች።