«ወራጅ ውሃ ይቆማል» ያልነው እኛው አይደለን?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ድሬዳዋ ከሳቢያን ወደ ከዚራ ስመጣ ባጃጅ ውስጥ ነው የሰማሁት። የኤፍኤም ፕሮግራም ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደወለና «የአሜሪካዋ ሞንታና ግዛት ልጆች በአየር ንብረት ጉዳይ መንግስታቸውን ከሰው አሸንፈዋል፣ እኛስ እዚህ መክሰስ እንችላለን?» ብሎ ጠየቀ። እንግዳው ጠበቃ ናቸው፣ ስማቸው ይቅር። ሳቁና «ልጄ፣ ዳኛ ዝናብ አያዘንብም፣ ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፣ አንተ ችግኝህን ትከል» አሉት። ልጁ «እሺ» ብሎ ዘጋው፣ ዘፈን ገባ። ድሬ ላይ አንቱታ እንደማንወድ የታወቀ ነው፣ እኚህን ሰውዬ አንቱ የምላቸው ስለራቁኝ ነው።

ዳኛ ያዝንብልን ያለ ማን ነው? ሞንታና ላይ 16 ልጆች ናቸው የከሰሱት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መዝገቡ ሲከፈት ትንሹ ገና ሁለት አመቱ ነበር። ግዛቲቱ ለድንጋይ ከሰልና ለነዳጅ ስራ ፈቃድ ስትሰጥ የሚወጣውን ሙቀት አማቂ ጋዝ እንዳታይ የሚከለክል ሕግ ነበራት። አዎ፣ እንዳታይ! ዳኛዋ በ2023 ሻሩት፣ የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2024 ስድስት ለአንድ አጸናው። ጠበቃው የሳቁበት ዝናብ የትም ቦታ የለም፣ አይንህን ጨፍነህ አትፈርም ነው የተባለው።

ደግሞ መክሰስን ከፈረንጅ የተማርነው ይመስል! «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን እኮ፣ አያቶቻችን ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ዳኛ ፍለጋ ስንት ቀን በእግራቸው ይሄዱ ነበር፣ ዛሬ የልጅ ልጃቸው ሲጠይቅ ቅንጦት ሆነ?

ወራጅ ውሃ ከተባለ ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አለልን። አብዛኛውን አመት አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን የድሬ ሰማይ ጥርት እንዳለ ጎርፉ ይደርሳል። ሐምሌ 1998 ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው በላ። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ጠዋት ድልድዩ ላይ ቆሜ ያየሁት አንድ ሲንጀር እስከ መንኮራኩሩ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ እስካሁን ከአይኔ አይጠፋም፣ የየትኛው ልብስ ሰፊ እንደነበር ማንም አላወቀውም። አለቀስን፣ እርዳታ መጣ፣ ግንብ ተሰራ። ደጋው ሲራቆት ማን ዝም አለ፣ ወንዙ ዳር ሰው ሲሰፍር ማን አየ ተብሎ ችሎት ፊት የቆመ ሰው ግን አልሰማሁም። ከዛ በፊትም እኮ ደቻቱ ሰው ወስዷል፣ ያኔ አንድ ሰው ክስ መስርቶ ቢሆን ኖሮ የ1998ቱ ሟቾች ግማሹ ዛሬ አብረውን በርጫ ይቀመጡ ነበር እላለሁ፣ ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ የለኝም፣ እላለሁ ግን።

ሐረማያስ? ሐይቅ እኮ ነው የጠፋው! ለጫትና ለአትክልት በሞተር ተሳበ፣ ለሐረር ከተማ ተሳበ፣ ከተራራው የታጠበው አፈር ሞላው፣ ሙቀቱ ቀሪውን ጨረሰው፣ ከዛ በ1990ዎቹ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ከብት ሲሄድበት አየን፣ የሐረር ሰው ውሃም ከድሬ ጃራ ከቆላ ወደ ደጋ ሽቅብ በፓምፕ ይገፋ ጀመር። ሐይቁ ከቅርብ አመታት ወዲህ ተመልሷል፣ ተመስገን፣ ግን ያኔ ሲደርቅ ሁሉም ሰው ተጠያቂ ስለነበረ ማንም አልተጠየቀም።

ጠበቃ ለሆነ ሰው ሕግ መንገር ያሳፍራል፣ እሳቸው ካላፈሩ ግን እኔ ምን ቸገረኝ። ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ውስጥ መኖር የሁሉም ሰው መብት ነው ይላል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማሳየት ሳያስፈልገው፣ አካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ላይ ለሚመለከተው መስሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ካልተወሰነለት ወይ ውሳኔው ካልተዋጠለት በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አዋጁ ስለ ብክለት እንጂ ስለ አየር ንብረት አይደለም የምትሉ አላችሁ፣ ታዲያ ጭሱ ወዴት የሚሄድ መሰላችሁ?

ቅንጦት ያሉት ነገር ከሁሉም ያበሸቀኝ ነው። የአየር ንብረትን ጉዳይ ሄግ ያለው የአለም ፍርድ ቤት ድረስ ያደረሱት ከፓስፊክ ደሴቶች የመጡ፣ ቫኑዋቱ ላይ የሚማሩ 27 የሕግ ተማሪዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ክፍል ውስጥ ጀመሩት፣ ሐምሌ 2025 ላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምጽ መንግስታት የአየር ንብረትን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው አለ። ቫኑዋቱን ሀብታም ያለ ካርታ አይቶ አያውቅም። አሜሪካ ላይ 21 ወጣቶች የፌዴራል መንግስቱን በዚሁ ጉዳይ ከሰው ከ2015 ጀምሮ አስር አመት ተሟግተው ባዶ እጃቸውን ወጥተዋል፣ እሺ፣ ይሄን እቀበላለሁ።

ችግኙን ተክለናል ጋሼ። በየክረምቱ ቲሸርት ለብሰን ተክለናል፣ ፎቶ ተነስተናል፣ ጥር ላይ የሚያጠጣው ጠፍቶ እንጨት ሆኖ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2027 የአለም የአየር ንብረት ጉባኤው ኮፕ 32 አዲስ አበባ ሲመጣ ለእንግዶቹም ይሄንኑ ነው የምናሳየው?

ወንድሜ፣ ስልኩን የዘጋኸው ልጅ፣ ይሄን ካነበብክ አቤቱታህን በሁለት ኮፒ አድርገህ የሚመለከተው መስሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይዘህ ሂድ፣ ነገ ና ቢሉህ እንዳትመለስ። ቀሪው ላይ ቀን አስጽፈህ ማህተም አስመታ፣ 30 ቀኑን ከዛ ነው የምትቆጥረው።