ባለ ዘጠኝ መቶ ካሎሪው ጌታዬ

ባለፈው እሁድ የሰው ክትፎ ከፈልኩ። ሰውየው ክትፎውን የበላው ርቦት አይደለም። ሰዓቱ ፈቅዶለት ነው።

ከመስቀል አደባባይ የጠዋት ሩጫ በኋላ ቁርስ ቤት ተቀምጠናል። እኛ ፉልና እንቁላል ፍርፍር አዘዝን። እሱ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ስማርት ዎቹን ነካ ነካ አደረገ፣ ደመወዙ እንደገባለት የባንክ ደንበኛ ፊቱ በራና «912 አቃጥያለሁ» አለ። ከዚያ ስፔሻል ክትፎ፣ አይብ በጎመን፣ ማወራረጃ ማኪያቶ። ሂሳብ ሲመጣ «በቃ እኩል እንካፈል» ያለውም ራሱ ነው። ካሎሪው የግል፣ ሂሳቡ የጋራ።

እናንተም ጋ አለ፤ አትደብቁኝ። ቢሮ አለ፣ ጂም አለ፣ የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አለ። ገና ጎህ ሳይቀድ የሰዓቱን ፎቶ ይለጥፋል። «እንዴት አደራችሁ» የለ፣ «ሰላም» የለ፣ 640 ብቻ። እናቱ ደግሞ ምን እንደሆነ ባይገባትም «ተመስገን ልጄ» ብላ ትመልስለታለች።

ስለዚህ ዛሬ ላማ አልተነሳሁም። ባለ ሰዓቶቹን ላመሰግን ነው። ይገባቸዋል።

ከሁሉ በፊት እምነታቸው ያስቀናል። እኛ እኮ ተጠራጣሪ ሕዝብ ነን። ሥጋ ሲመዘንልን ዓይናችን ከሻጩ ጣት ላይ አይነሳም። የታክሲ ረዳት መልስ ሲሰጠን ቆጥረን፣ ደግመን ቆጥረን ነው ኪሳችን የምንከተው። ባለ ሰዓቱ ግን አንዴ እጁ ላይ ያሰረው ነገር 912 ካለው 912 ነው። 911 ሊሆን ይችላል ብሎ እንኳን አይጠረጥርም።

ሰዓቱ የሚሠራውን ደግሞ እንወቅለት። ከጀርባው አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ላይ ያበራል። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይመጥጣል። ልብ ሲመታ እጅ ውስጥ ያለው ደም ይጨምራል፣ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል፤ ሰዓቱ ይህንን እያየ ምት ይቆጥራል። እዚህ ድረስ ብልህ ነው፤ አልክድም። ካሎሪ ግን አይቶ አያውቅም። የተቃጠለ ካሎሪ በወጉ የሚለካው አፍና አፍንጫ ላይ ጭንብል ተደርጎ፣ ሰውየው የተጠቀመው ኦክስጅን ተቆጥሮ ነው። አንድ ሊትር ኦክስጅን ወደ 5 ካሎሪ ገደማ ማለት ነው። ሰዓቱ ጭንብል የለውም። ያለው የልብ ምትህና አንተ የሞላህለት ዕድሜ፣ ጾታና ክብደት ነው። ክብደቱ ደግሞ የትኛው እንደሆነ እንተዋወቃለን። የሠርግህ ሰሞኑ ነው። ከዚያ «እንዲህ ያለ ሰው ልቡ እንዲህ ሲመታ ይህን ያህል ያቃጥል ይሆናል» ብሎ ይገምታል። ግምቱን ግን «ይሆናል» ብሎ አይጽፍልህም። 912 ብሎ ነው የሚጽፍልህ። ሁለቷ ናት የምትገርመኝ። ዘጠኝ መቶ ቢል እኮ እንጠረጥረው ነበር።

ካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ሰባት ዓይነት የእጅ መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትነው ነበር። የልብ ምት ላይ ከሰባቱ ስድስቱ ስህተታቸው ከ5 በመቶ በታች ሆነ። ጎበዝ። ካሎሪ ላይ ሲደርሱ ግን ከሁሉ የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ ሳተ። የመጨረሻው 93 በመቶ። አንድ ገንዘብ ያዥ ሒሳቡን 27 በመቶ ቢስት የት እንደሚያድር ታውቃላችሁ። ሰዓት ሲሆን ግን ክትፎ ይታዘዝለታል።

ጥናቱ ሌላም ነገር አለው። ስህተቱ የሚብሰው በወንዶች፣ ክብደታቸው ከፍ ባሉ፣ ቆዳቸው ጠቆር ባሉ ሰዎችና በእግር ጉዞ ላይ ነው። ወንድ፣ ደልደል ያለ፣ ጠየም ያለ፣ በእግሩ የሚሄድ። ካሊፎርኒያ ሆነው ወዳጄን በየት በኩል እንዳዩት እስካሁን አልገባኝም። (ከዚያ ወዲህ ሰዓቶቹ ተሻሽለዋል የሚል አለ። ይሻሻሉ። ጭንብል ግን አላወጡም።)

አሁን ወደምወደው ሰው ልምጣ። የአርሴናል ደጋፊ ነው።

ይህ ሰው አንድ ቅዳሜ ሩጫውን ጨርሶ ሰዓቱን «ስፖርት ጨርሻለሁ» ማለት ይረሳል። እንደዚያው ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ጨዋታ ያያል። ሲወጣ ሰዓቱን ቢያይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የልጅ ልጅ የሚያስገርም ካሎሪ አቃጥሏል። ሌላ ሰው ቢሆን «ይቺ ነገር ተበላሽታለች» ይላል። እሱ ሳይንስ እንዳገኘ ገባው።

ከዚያ ወዲህ በፕሮግራም ሆነ። ማሟሟቂያው ከማንቼ ደጋፊዎች ጋር የሚደረግ ክርክር ነው። የማዕዘን ምት ሶምሶማ። የተቃራኒ ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት ዳገት። ቫር ሲታይ ደግሞ ኢንተርቫል ነው፤ ልብ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል። ጭማሪ ሰዓት ላይ የገባ ጎል ብቻውን ከፊቱ የነበረውን ጥብስ ከነሽንኩርቱ አቃጥሎለታል። ራሱ ነው የነገረኝ፣ ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። ቀስ በቀስ ጨዋታ መምረጥ ጀመረ። ሦስት ለዜሮ ሲመሩ ይከፋዋል። «ዛሬ አልሠራሁም፣ ልቤ 80 ላይ ነው የዋለው» ይላል። የሚወደው አንድ ለዜሮ እየመሩ አርባ አምስት ደቂቃ የሚጨነቁበትን ነው። ሊጉ በክረምት ሲዘጋ ቦርጩ ወጣ። «ኦፍ ሲዝን ነው» አለኝ።

ኳስ ሲያልቅበት ወደ ኑሮ ዞረ። አከራዩ ስለ ጭማሪ ሲደውሉለት ስልኩን ከማንሳቱ በፊት ሰዓቱ ላይ «ሌላ ስፖርት» የሚለውን ይነካል። አማቱ ሊጠይቁት ሲመጡ ይነካል። የታክሲ ረዳት መልስ ከለከለው እንበል፤ ድሮ ያለቅስ ነበር፣ አሁን ወርዶ ያመሰግናል። ባለቤቱ «ምነው ዓይንህ ቀላ? ምን ሆንክ?» ስትለው «ስፖርት ላይ ነኝ» ይላታል፣ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ። «እሺ ስፖርት ከሆነማ ተነስና ዕቃ እጠብ» ብትለው፣ ዕቃ ማጠብ ልብ እንደማያስመታ በቁጥር አስረዳት። ሌሊት ውኃ ሲመጣ ባለ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ሦስተኛ ፎቅ የምታወጣው እሷ ናት። ሰዓት የላትም። ስለዚህ ምንም አላቃጠለችም።

የሰውየው ሰዓት አልዋሸም። ልቡ በእውነት መትቷል። ንዴት፣ ድንጋጤ፣ ሙቀት፣ ሦስተኛ ቡና፣ ሁሉም ልብ ያስመታሉ። ጡንቻ ግን አልሠራም፤ የተጠቀመው ኦክስጅን ተቀምጦ ከሚጠቀመው ብዙም አይበልጥም። ሰዓቱ ልብ ሲመታ ያያል እንጂ ስለምን እንደሚመታ አይጠይቅም። እንዲያውም ወንበሩን ትቶ ብረት ቢያነሳ ኖሮ ይበደል ነበር። ብረት ሲጨበጥ የእጅ አንጓ ይታጠፋል፣ ብርሃኑ ይሳሳታል።

ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ መኖራችንም ለእነዚህ ሰዎች ተጨማሪ በረከት ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ላልለመደው ሰው ያው ሥራ ተጨማሪ ምት ይጠይቃል። ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ ዘመድ በመጀመሪያው ጠዋት እንጦጦን ሲወጣ ሰዓቱ የሚሰጠው ቁጥር ሀገሩን ይበልጥ ያስወድደዋል። «እዚህ አየሩ ራሱ ያከሳል» ብሎ የተመለሰ አውቃለሁ። በሦስት ኪሎ ጨምሮ ነው የተመለሰው።

እዚህ ጋ ግን ቀልዱን ላቁመው።

አንድ ጂም ውስጥ አሰልጣኝ ተብዬ እናቱ የሚሆኑ ሴትዮ ትሬድሚል ላይ አቁሞ ሰዓታቸውን እያየ ሲጮህባቸው ሰምቻለሁ። «እትዬ፣ ገና 105 ነው! አላቃጠሉም! ይጨምሩ!» ሴትዮዋ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። እንደ አቴኖሎል ያሉት መድኃኒቶች ሥራቸው ልብ እንዳይፈጥን መያዝ ነው። ልባቸው 105 ላይ የቆመው ስለሰነፉ አይደለም፤ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ስለሆነ ነው። እሱ ግን ግድግዳው ላይ «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። እ.ኤ.አ. በ1971 ከተለያዩ ጥናቶች ከተለቃቀመ መረጃ በግርድፉ የወጣች ቀመር ናት፤ እኩያሞች መካከል እንኳን በ20 ምት ልትስት ትችላለች። መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ብለህ ጠይቀሃቸዋል? አልጠየቀም። የአንዲት ሴትን ድካም፣ ላብ፣ የታፈነ ትንፋሽ ፊት ለፊቱ እያየ፣ ዓይኑን ትቶ አንዲት አምፖል አመነ። ይሄ ድንቁርና ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ የሚከፈልበት ድንቁርና ነው። ሰው ይወድቃል። ያኔ ሰዓቱ አይጠየቅም፣ አሰልጣኙም አይጠየቅም፤ «ሕመም ነበረባት» ይባላል፣ አለቀ። «ሰዓቴ ገና ነው አለኝ» ብላ እራት ትታ የምታድረውን ልጅም «ዲሲፕሊን አላት» እያሉ የሚያጨበጭቡላት እነዚሁ ናቸው።

እሺ። ወደ ምስጋናዬ።

ስለ ወዳጄ 912 ትንሽ ሒሳብ ሠርቻለሁ፤ ከፋዩ እኔ ነኝና መብቴ ነው። ሰው ሲሮጥ በግርድፉ በአንድ ኪሎ ሜትር፣ ለአንድ ኪሎ ክብደቱ አንድ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ወዳጄን 80 ኪሎ እንበለው፤ አክብሬው ነው። የሮጠው አምስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ይሙላ፤ 400 ነው። ከዚያም ላይ ቤቱ ተኝቶ ቢሆን የሚያቃጥላት በሰዓት 80 የምትጠጋ አለች፤ እሷን ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ሳይነግርህ ይደምራል። የቀረው አምስት መቶ ብድር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን ከ110 ካሎሪ በላይ ነው። ክትፎ ቤት ደግሞ ቅቤ በማንኪያ አይለካም፤ ቢለካም እንጣላለን።

ለማያምኑ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ ኪሎ ለመቀነስ የተነሱ 471 ወጣቶች ለሁለት ዓመት በጥናት ተይዘው ነበር። ሁሉም የአመጋገብና የስፖርት ምክር ይሰጣቸዋል። ገሚሶቹ በተጨማሪ ክንድ ላይ የሚታሰር የእንቅስቃሴ መቁጠሪያ ተሰጣቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ መቁጠሪያ ያላሰሩት በአማካይ 5.9 ኪሎ ቀንሰዋል። ያሰሩት 3.5። ኪሎው እንዳይጠፋበት ለሚሰጋ ሰው ከዚህ የተሻለ ጠባቂ የት ይገኛል? ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ገና እናጥና ብለዋል። እኔ ክትፎውን አይቻለሁ።

ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ አለ፤ ፊንላንዶች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሸጡት። የልብን ኤሌክትሪክ ስለሚያነብ ምት ቆጠራው ከእጅ ሰዓት ይሻላል። ካሎሪው ግን ያው ግምት ነው። ባለ ሰዓቶቻችን እሱን የማይገዙት ግን ለዚህ አይደለም። ከሸሚዝ ሥር ነው የሚታሰረው። ማን ያየዋል?

ገበያውም ነገሩ ገብቶታል። መገናኛ አካባቢ ሱቅ ገብቼ የስልክ ቻርጀር እየመረጥኩ አጠገቤ አንድ ጎልማሳ ሰዓት ያስመርጣል። «ብዙ የሚያቃጥለው የቱ ነው?» አለ። ሻጩ አልሳቀም። አንዱን አንስቶ «ይቺ ቆጣቢ ናት» አለና አስቀመጣት። ሌላውን አንስቶ «ይቺ ግን እሳት ናት» አለ። እንደምትሠራ ለማሳየት አጠገቡ ባገኘው የሶፍት ጥቅል ላይ አሰራት። አረንጓዴው በራ፣ ትንሽ አሰበች፣ የሶፍቱ ልብ 78 ይመታል አለች። ጎልማሳው ደስ አለው። ዋጋ ተከራከሩ፣ ተስማሙ። ብሩን ቆጥሮ እየሰጠ፦

«ጋራንቲ አለው?»

«የአንድ ዓመት።»

«ካሎሪውም ቢሳሳት?»

«አይ፣ ማሰሪያው ቢበጠስ።»