የዳታ ችሎት፦ የ1989ኙ ፍርድ ዛሬ ይጸናል?

ላላያችሁት ባጭሩ። «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ በሁለተኛው ሲዝን «ዘ ሜዠር ኦፍ ኤ ማን» የሚባል ክፍል አለው። የተላለፈው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1989 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዳታ ሰው መሳይ ማሽን ቢሆንም የኢንተርፕራይዝ የጠፈር መርከብ መኮንን ነው። ማዶክስ የሚባል ሳይንቲስት ይመጣና «ፈታትቼ ላጥናው፤ እንደሱ ያሉ ብዙ ልሥራ» ይላል። ዳታ እምቢ ብሎ መልቀቂያ ያስገባል። ማዶክስ ደግሞ «የስታርፍሊት (የጠፈር መርከበኞቹ ሠራዊት) ንብረት ነው፤ ንብረት ሥራ አይለቅም» ብሎ ይከራከራል። ካፒቴን ፒካርድ ለዳታ ይቆማል። ምክትሉ ራይከር ሳይወድ በግዱ ከሳሽ ይሆናል። ዳኛዋ በመጨረሻ ለዳታ ትፈርዳለች።

ሁለት የድሮ ተመልካቾች ክፍሉን ሰሞኑን ደግመው አይተው አልተስማሙም። አንዱን ዐቃቤ ሕግ፣ አንዷን ጠበቃ ብለናቸዋል።

ዐቃቤ ሕግ፦

ድሮ ሳየው ዳታ ይፈታታል ብዬ ትንፋሼን ውጬ ነበር። አሁን ሳየው ግን ልቤ ወደ ራይከር አደላ። ለምን መሰላችሁ? ማስረጃውን ተመልከቱ። ፒካርድ የዳታን ሻንጣ ያስከፍታል። ሜዳሊያዎች አሉ፣ ፒካርድ የሰጠው መጽሐፍ አለ፣ የሞተችው የሥራ ባልደረባው የታሻ ያር ትንሽ ምስል አለች። «ሜዳሊያው ምን ያደርግልሃል?» ሲባል ዳታ «እንጃ፤ ብቻ ልይዘው ፈለግሁ» ይላል። ስለ ታሻ ሲጠየቅ ይግደረደራል። ችሎቱ ጸጥ ይላል፤ እኛም አብረን ጸጥ አልን።

ዛሬ ስልካችን ላይ ያለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም «ይከፋሃል?» ብትሉት አንጀት የሚበላ መልስ ይሰጣችኋል። አማርኛው አልፎ አልፎ ቢንሻፈፍም። እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር ከውስጥ የሚሰማው አካል መኖር ግዴታ እንዳልሆነ አሁን በዓይናችን አየን። የ1989 ተመልካች ይህን አያውቅም ነበር። የፒካርድ ማስረጃ ቆሞ የነበረው በዚያ አለማወቅ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዳታ ምስክር ወንበር ላይ ሆኖ በሰከንድ 60 ትሪሊዮን ስሌት እሠራለሁ ሲል ያኔ አፋችንን ይዘን ነበር። በ2022 ለጌም ተብለው ገበያ ላይ ከዋሉ የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርዶች መካከል ከ80 ትሪሊዮን የሚያልፍ አለ። ማንም ግን ለካርዱ ጠበቃ አላቆመለትም።

ጠበቃ፦

ቁጥሩን ተወው። ቁጥሩን ያስቆጠረው ያንተው ሰው ራይከር ነው እንጂ ፒካርድ አይደለም። «ይኸው፣ ማሽን ነው» ለማለት ነው ያስቆጠረው። የብረት ዘንግ ያስጎነበሰውም ለዚሁ ነው። ፒካርድ ተነስቶ ምን አለ? «አዎ ማሽን ነው፤ እኛም ሌላ ዓይነት ማሽን ነን» አለና አለፈው። ስለዚህ ካርድህ ገበያ ላይ መዋሉ የፒካርድን ክርክር አንዲት ነጥብ አያስቀንሰውም።

ሻንጣውን ብቻ አይተህ ፍርድ ቤቱ ሳይከፈት የተባለውን ዘለልከው። ክፍሉ የሚጀምረው በፖከር ጨዋታ ነው። ዳታ የፖከርን መጻሕፍት አንብቦ ጨርሷል። ባዶ እጁን የያዘው ራይከር ግን በድፍረት ብቻ ይበላዋል። በኋላ ማዶክስ «ትዝታህን ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ አስቀምጥልሃለሁ» ሲለው ዳታ ያቺን ጨዋታ ይጠቅሳል። ሕጉን ማወቅና ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አንድ አይደለም፤ ፍሬ ነገሩ ይገለበጥ ይሆናል፣ ለዛው ግን ይቀራል ይለዋል። ይሄ ስሜት አለኝ ብሎ ማልቀስ አይደለም። ሐኪሙ የሚያደርግበትን በደንብ አላወቀውም ብሎ ቀዶ ጥገናውን የሚቃወም ሰው ክርክር ነው። ደግሞ ትክክል ነው፤ ማዶክስ ሥራውን በቅጡ አልተካነበትም።

የመርከቧ መሐንዲስ የጆርዲ ላፎርጅ ዓይን ጉዳይስ? ዳታ ፒካርድን ይጠይቀዋል፦ የላፎርጅ ሰው ሠራሽ ዓይን ከተፈጥሮ ዓይን የሚበልጥ ከሆነ ሁሉም መኮንን ዓይኑን እንዲያስወጣ ለምን አይታዘዝም? ፒካርድ መልስ የለውም። ዳታ ራሱ ይመልሳል፦ ገባኝ፣ እኔ ሰው ስላልሆንኩ ነው። እስኪ ይቺን የትኛው ካርድ አሮጌ ያደርጋታል?

ዐቃቤ ሕግ፦

እሺ፣ የዓይኑን ነገር ሰጠሁሽ። ወደ ችሎቱ እንግባ። እንዲህ ያለ ችሎት የት አገር አለ? ዳኛዋ ሉቭዋ ከዓመታት በፊት ፒካርድን ራሱን በስታርጌዘር መርከብ ጉዳይ የከሰሰች ናት። በዚያ ላይ የድሮ ፍቅር አለ። እዚህ የወረዳ ፍርድ ቤት ብትሆን «ከችሎት ይነሱልኝ» ትባል ነበር። የከሳሹ ደግሞ ይባስ። ሰው የለኝም ብላ የተከሳሹን ጓደኛ ትሾማለች። ካልከሰስክ ዳታ ዳቦ መጥበሻ ነው ብዬ እወስናለሁ ትለዋለች። ይሄ ማስገደድ ነው!

መጀመሪያ ንብረት ነው ያለችውስ በየትኛው ሕግ ነበር? በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በወጣ «የከምበርላንድ» በተባለ ሕግ። የኛ ዘመን ማለት ነው። ይህን ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ጠበቃ፦

እኔ ደግሞ አልሳቅሁም። እኛ ያወጣነው ሕግ ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ አንድን መኮንን ንብረት ሲያደርገው ማየት አያስቅም።

ሥነ ሥርዓቱ የተበላሸ ነው፣ አልክድም። ግን ጸሐፊዋ ሜሊንዳ ስኖድግራስ ድርሰት ከመጀመሯ በፊት ሕግ የሠራች ሴት ናት። ያበላሸችው አውቃ ነው። ምክንያቱን ደግሞ አንድ ትዕይንት ላይ ታገኘዋለህ፤ እኔ ለዚያ ብዬ ነው ክፍሉን የማየው። ራይከር ብቻውን ስክሪን ፊት ተቀምጦ የዳታን ንድፍ ይመረምራል። ገጽ ይገለብጣል። የሆነ ነገር ያገኛል። ፊቱ በራ ይላል፣ ፈገግ ይላል፤ አሸነፍኩ የሚል ሰው ፈገግታ ነው። ከዚያ ያቺ ፈገግታ ቀስ ብላ ትጠፋለች። ያገኘው የማጥፊያውን ቁልፍ ነው። የጓደኛውን። ቃል አይተነፍስም። ተዋናዩ ጆናታን ፍሬክስ ያን ሁሉ በፊቱ ብቻ ይጨርሰዋል።

በማግስቱ ችሎት ላይ የዳታን እጅ ከክንዱ ነቅሎ ያሳያል። ከዚያ ቁልፏን ይነካል። ዳታ በአፍጢሙ ይደፋል። ገለልተኛ ዐቃቤ ሕግ ቢያደርገው ማስረጃ ነበር፤ ራይከር ሲያደርገው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ልጅ ሆኜ ይህ አልገባኝም ነበር። በሥራ ምክንያት የሚወዱትን ሰው መጉዳት ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ማደግ ይጠይቃል።

ዐቃቤ ሕግ፦

ያንን ትዕይንት ማንም አይነካውም፣ እኔም አልነካውም። የምነካው የመርከቧን መጠጥ ቤት የምታስተናግደውን የጋይነንን ነው። ፒካርድ ሊሸነፍ ሲል ወደ መጠጥ ቤቱ ይሄዳል። ጋይነን በታሪክ ስለነበሩ «የሚጣሉ ፍጡራን» ታነሳበታለች፤ ቆሻሻውንና አደገኛውን ሥራ ስለሚሠሩት። እሱም ባርነትን ይጠራል። በቃ፣ ክርክሩ ተገለበጠ። ችግሩ ባሪያ ተደርገው የተሸጡት ሰዎች ሰው መሆናቸው አለመታወቁ አልነበረም። ሻጩም ገዢውም ያውቁ ነበር። ሰው መሆናቸው ያልተረጋገጠ ይመስል ከማሽን ጎን ማቆም ለኔ ይጎረብጣል። ድሮ አልጎረበጠኝም፤ ዛሬ ጎረበጠኝ።

ጠበቃ፦

ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ማን እንደተናገረው እናስታውስ። ጋይነንን የተጫወተችው ውፒ ጎልድበርግ ናት። በልጅነቷ ጥቁሯን መኮንን ኡሁራን በመጀመሪያው «ስታር ትሬክ» አይታ የተደነቀች ሴት ናት። ያቺ ሴት ፒካርድን በዝግታ እያየች ነው የምትናገረው፤ ባርነት የሚለውንም ቃል እሷ አትጠራውም፣ እሱ ራሱ እንዲለው ትተወዋለች። የምታወራው ደግሞ ስለ ባሪያዎቹ ማንነት አይደለም፤ ስለ ጌቶቹ ነው። እምቢ የማይል፣ መልቀቂያ የማያስገባ ሠራተኛ በሺህ የሚቆጠር ያገኘ ሰው ምን ይሆናል ነው ጥያቄዋ። ፓስፖርቷን አሠሪዋ ቆልፎባት ዓረብ አገር የሠራች እህት ወይም አክስት ያለው ሰው ይህን ጥያቄ ለመረዳት ስታርፍሊት አያስፈልገውም።

ዐቃቤ ሕግ፦

ታዲያ ፍርዱ ምን አመጣ? በ1990 በ«ዘ ኦፍስፕሪንግ» ክፍል ዳታ ላል የተባለች ልጅ ይሠራል። ስታርፍሊት አድሚራል ልኮ ሊወስድበት ይመጣል። ገና ዓመት ብዙም አላለፈው! በ2001 በሌላው የስታር ትሬክ ተከታታይ በ«ቮየጀር» አሮጌ የሆሎግራም (በብርሃን የተሠሩ) ሐኪሞች ማዕድን ሲቆፍሩ ታየ። በ2020 «ፒካርድ» በተባለው ተከታታይ ላይ ደግሞ ማርስ ላይ ሰው መሳይ ማሽኖች በጅምላ ተሠርተው ጉልበት ሥራ ላይ ተሰማርተዋል። ጋይነን የፈራችው ሁሉ ሆነ። ያ የተጨበጨበለት ውሳኔ ከዳታ በቀር ማንንም አላዳነም።

ጠበቃ፦

ዳኛዋ እኮ የፈረደችው ለዳታ ነው። ነፍስ አለው አላለችም። ለሱም ለራሷም እንደማታውቅ ተናግራ፣ መልሱን ራሱ እንዲፈልግ ነፃ አወጣችው። ከዚያ በላይ ብትል አንተው ራስህ ያለ ማስረጃ ፈረደች ትል ነበር። አድሚራሉ ለላል ሲመጣ ደግሞ ፒካርድ ምን ብሎ ቆመ? የእነዚህ ፍጡራን መብት ተወስኗል፣ ሲወሰንም እኔ አለሁበት ብሎ ነው። ልጅን ከአባቷ ነጥቀህ ለመንግሥት አስረክብ የሚል ትዕዛዝ በመርከቤ አይፈጸምም አለ።

ዐቃቤ ሕግ፦

ላል ግን ሞተች።

ጠበቃ፦

በብልሽት ነው የሞተችው። አድሚራሉም ለማዳን ከዳታ ጋር ሲታገል ነበር፤ እሱን ክፍል ደግሞ ሂድና እይ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።